አዳማ በወረቀታችን ላይ፦ ስለ ከተማ አጻጻፍ አጭር ሂስ

ስለ አዳማ የሚጻፍ ጽሑፍ ገና ሳይነበብ ይታወቃል። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ ይነገራል፤ ቀጥሎ ሙቀቷ፤ ከዚያ የሕዝቧ እንግዳ ተቀባይነት። ወዲያው ጥብሱ፣ ዓሣው፣ ክትፎውና ጨጨብሳው በተርታ ይደረደራሉ። ኢሬቻ፣ መስቀል፣ ጥምቀትና ዒድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተከብረው ያልቃሉ። በመጨረሻ ከተማዋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብላ ትሾምና ጸሐፊው ብዕሩን ያስቀምጣል። ግጥም ሲሆን ደግሞ ይኸው ሁሉ ቤት እየመታ ይመጣል፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

በዚህ አጻጻፍ ላይ ቅሬታ አለን። የተባለው ሁሉ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ዓሣውም አለ፤ በዓሉም አለ። ችግሩ ወዲህ ነው፦ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከተማን እንደ ሆቴል ሜኑ ያነባታል። ሜኑ ደግሞ ዋጋ ይነግርሃል እንጂ ታሪክ አይነግርህም። ማን እንደ ዘራው፣ ማን እንደ ጫነው፣ ማን ከየት መጥቶ ምድጃ ላይ እንደ ጣደው ከሜኑ አይገኝም። ይህን መንገር የደራሲ ፈንታ ነው።

እስቲ ከስሟ እንጀምር። በኦሮምኛ «አዳሚ» ቁልቋል ነው፤ የከተማዋም ስም ከዚሁ እንደ መጣ ብዙ ጊዜ ይነገራል። «ናዝሬት» የሚለውን ያወጡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ ነበር። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያኖረ ሰው የተደረገው ነገር ወዲያው ይገባዋል፤ የወንጌል ካርታ በስምጥ ሸለቆው ላይ ተነጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማዋ በይፋ ወደ አዳማነቷ ተመለሰች። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ዋና ከተማነት ከአዲስ አበባ ወደ እርሷ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ውሳኔው ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 መቀመጫው ተመልሶ አዲስ አበባ ገባ። የአውቶቡስ ረዳት ግን «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ መጣራቱን አልተወም።

ታዲያ ይህ ለደራሲ ምኑ ነው? ሁሉ ነገሩ ነው! ናዝሬት የሚል ሰውና አዳማ የሚል ሰው አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ በመካከላቸው የዕድሜ፣ የቋንቋና የትዝታ ልዩነት አለ። አንዱ የሌላውን ስም ሰምቶ ዝም ሊል ይችላል፤ ሊያርመውም ይችላል፤ አውቆ ሊያልፈውም ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ለአንድ አጭር ልብ ወለድ ይበቃል። በምናነባቸው ታሪኮች ግን ተራኪው የወደደውን ስም ባለጋሪውም፣ ነጋዴዋም፣ ተማሪውም በአንድ አፍ ይሉታል። ይህ የጆሮ ድህነት ነው።

ወደ ሰፈሮቹ እንለፍ። «የብሔር ብሔረሰቦች መገናኛ» የሚለው ሐረግ ከአፍ ላይ ቶሎ ይመጣል። ግን ሰዎቹ እዚህ የመጡት ለመገናኘት ነበር እንዴ? የመጡት እንጀራ ፍለጋ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በዚህች ከተማ በኩል አልፎ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ኩባንያ እጅ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ አዋሽን ገታው። ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ጉልበተኛ አገዳ ሊቆርጥ ወረደ። አገዳው የተተከለበት ሜዳ ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የጅሌ ኦሮሞ ከብት ይሰማራበት ነበር። እንግዲህ አንዱ ሲመጣ ሌላው ከሜዳው ተነሥቷል። ሁለቱንም ያላየ ጽሑፍ ስለ ኅብረተሰቡ ጽፌአለሁ ሊለን አይችልም።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። ጭኮን እንውሰድ። በቆላው ከተማ ውስጥ የደጋ ምግብ ነው፤ የአርሲ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ የሚሠራ፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ የመንገደኛ ስንቅ። ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ይዞት ይወርዳል። ጭኮን በክትፎና በጨጨብሳ መካከል ሰንቅሮ ያለፈ ጸሐፊ አንድ ሙሉ መንገድ ከነመንገደኛው ጣለ ማለት ነው። የመቂንና የባቱን ቲማቲምና ሽንኩርትስ? አዲስ አበባ ወጥ በሠራች ቁጥር የዚህ ሸለቆ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ስሙን የሚያነሣው ግን የለም። ዓሣውን ስናወድስ ደንበል ሐይቅ ደሴቶች ላይ የኖሩትን፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸውን የዛይ ሰዎች ስንቶቻችን እናስባለን?

በዓል ላይ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል። ኢሬቻ «ደማቅ»፣ «ኅብረ ቀለማዊ»፣ «ማራኪ» ይባላል። ስለ ልብሱ ብዙ ይጻፋል። ምስጋናው ግን ስለ ምን ነው? ክረምት ወንዝ ይሞላል፤ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጣል። ብራ ሲሆን ውኃው ይጎድላል፤ ሰው ተሻግሮ ይገናኛል፤ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ይወርድና ያሻገረውን ዋቃን ያመሰግናል። ይህን የተረዳ ገጣሚ «ማራኪ» የሚለውን ቃል አይፈልገውም፤ በወንዝ ማዶ የቀረ ዘመድ ይበቃዋል። ደግሞም በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኩሰው፣ በተፈጠረው መረጋገጥ ብዙ ሰው አልቋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሆራ የሚጻፍ ጽሑፍ ስለ ቀለም ብቻ ሊያወራ አይችልም። በዚያ ውኃ ዳር ምስጋናና ሐዘን ጎረቤት ሆነዋል።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠን ይሆናል። «ሰው ደስ ይበለው እንጂ! ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር የጉልበት ታሪክ ካላጎረስነው አይሆንም ማለት ነው?» ይለናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የክትፎውን ሜኑ አስወግደን በቦታው የመፈክር ሜኑ እንዲገባ አንሻም። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ወዛደርን ብቻ የሚያስለቅስ ግጥም አዳማን ከሆቴሉ አዋዋይ የበለጠ አያውቃትም፤ እሱም ሰውየውን አላነጋገረውም። አገዳ ቆራጭም ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ቅዳሜ ማታ ይጠጣል። ደስታው እንዲጻፍ እንፈልጋለን፤ ግን የእሱ ደስታ ይሁን፣ የጎብኚው አይሁን።

ይህ ይቻላል ወይ? ተችሏል እኮ! ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን ከውስጥ ጻፈው፤ ሴቶቹ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ፣ አንባቢውም እንደ እንግዳ አይስተናገድም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባወጣው «አደፍርስ» ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አማርኛ መናገር እንደሌለበት አሳይቷል። ገጸ ባሕርዩን በአነጋገሩ ታውቀዋለህ። በዘፈኑ በኩል ደግሞ ድሬዳዋ የተወለደው ዓሊ ቢራ አለልን፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በዐረብኛ፣ በሶማልኛ አዚሞ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ አረፈ። አንድ ጉሮሮ ይህን ሁሉ ቋንቋ ከቻለ፣ አንድ ገጽ ሁለቱን እንዴት ያቅተዋል?

ዋናው ነጥባችንም ይኸው ነው። አዳማ ገበያ ውስጥ «ሜቃ?» ብሎ ጠይቆ፣ «ሸንተማ» ሲባል «ኧረ ቀንሺ እንጂ!» ብሎ የሚከራከር ሰው ሁለት ቋንቋ ተናገርኩ ብሎ አያስብም። ሸንኮራ ገዛ፤ በቃ። አማርኛችን ይህን ሰው ሲጽፈው ግማሽ አንደበቱን ይቆርጥበታል፤ ወይም ኦሮምኛውን ለጌጥ ያህል «አካም» ብሎ አስገብቶ ወዲያው ይረሳዋል። የተቆረጠው ግማሽ ብዙውን ጊዜ የሰውየው የእናት ቋንቋ ነው። ከዚህ በኋላ «በፍቅር ተሳስሮ የሚኖር ሕዝብ» ብንል ማን ያምነናል? ፍቅሩን ለማሳየት መጀመሪያ ሰውየውን ሙሉውን ማናገር አለብን።

ስለ ነፋሱም አንድ ቃል። ግጥሞቻችን ውስጥ የአዳማ ነፋስ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ የፍቅረኛ እስትንፋስ። ኮረብታው ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቁ 34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተተክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት ተጨመረ። የዚያው ነፋስ አቧራ ዓይኗ ውስጥ የሚገባ በቆሎ ጠባሽ ሴት ከታች ተቀምጣ በከሰል ታራግባለች። ይህን ለማየት ቅኔ አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ማየትና ዝቅ ብሎ ማየት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ስለ አዳማ፣ ስለ ሞጆ፣ ስለ ባቱ ወይም ስለ ሻሸመኔ የምትጽፉ ሁሉ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አንድ ምግብ ብቻ ምረጡና ከየት እንደ መጣ ተከተሉት። ፍራንኮም ይሁን ቦኩ፣ አንድ ሰፈር ብቻ ምረጡና ማን መጀመሪያ እንደ ሰፈረበት፣ ማንስ እንደ ተነሣበት ሽማግሌና አሮጊት ጠይቁ። የሰሙትን ቋንቋ ሳታርሙ ጻፉ። «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ሐረግ ለጊዜው አሳርፉት። ጽሑፋችሁ ሁለት ገጽ ብቻ ቢሆንም ቦታ እናበጅለታለን።