የእስር ልክና የተውበት ሚዛን፦ በምናስተምራቸው ኪታቦች ስላለው የእስረኛ ጉዳይ ሒሳዊ ምልከታ

በመድረሳዎቻችን የፊቅህ ትምህርት ከጦሃራ ይጀምራል፤ በሶላትና በዘካ፣ በግብይትና በኒካሕ አልፎ ወደ ወንጀልና ወደ ዳኝነት ይዘልቃል። የዳኝነትና የምስክርነት ምዕራፎች የሚገኙት በኪታቡ መጨረሻ አካባቢ ነው። ብዙ ደረሳ ከዚያ ሳይደርስ ወደ ሌላ ፈን ይሻገራል፣ አለዚያም ወደ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ የቅጣት ነገር ሲነሣ በአእምሯችን ቀድሞ የሚመጣው የሑዱድ ምዕራፍ ነው፤ ፍርዱ ከተነገረ በኋላ ያለው ሰው፣ ማለትም እስረኛው፣ ከትምህርታችንም ከኹጥባችንም ጠፍቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንለው ጉድለቱ በዋናነት የአነባበባችን እንጂ የኪታቦቹ አይደለም ነው። ይሁንና ኪታቦቹንም ሳንመረምር አናልፍም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሰውን ዕድሜ የሚነካ ነውና።

አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው የኢማም አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓ.ሂ. ያረፉ) «ኪታቡል ኸራጅ» ነው። መጽሐፉ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ የተጻፈ፣ በዋናነት ስለ መሬትና ስለ ግብር የሚናገር ነው፤ ነገር ግን ስለ እስረኞች የያዘው ክፍል በዝርዝርነቱ ያስደንቃል። ኢማሙ የሚበላው ለሌለው እስረኛ ቀለብ ከመንግሥት ይቆረጥለት ይላሉ። ቀለቡም በዳቦ ሳይሆን በገንዘብ፣ በወር 10 ዲርሃም፣ በእስረኛው እጅ ይሰጥ፤ ዳቦው ቢላክ ጠባቂዎች እንደሚወስዱት ያውቃሉና። የእስረኞች ስም በመዝገብ ይያዝ፣ የብርድና የሙቀት ወራት ልብስ ለወንዱም ለሴቲቱም ይሰጥ ይላሉ። እስረኞች በሰንሰለት እንደታሰሩ ለምጽዋት መውጣታቸውን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ዘመድ የሌለው እስረኛ ሲሞት በበይቱል ማል ወጪ እንዲታጠብ፣ እንዲከፈንና እንዲሰገድበት ያሳስባሉ። ገዢዎችም የእስረኞችን ጉዳይ ዘወትር እንዲመረምሩ፣ ክስ የሌለበትን እንዲለቁ ይመክራሉ።

ይህን ክፍል በጥንቃቄ ላነበበ ሰው ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ብርታቱ ነው፤ ኢማሙ ስለ ፍትሕ በጥቅሉ ከመናገር አልፈው ዳቦው በማን እጅ እንደሚያልፍ ጠይቀዋል። ሁለተኛው ጉድለቱ ነው። የተጻፈው ሁሉ ለገዢ የተሰጠ ምክር ነው፤ ኸሊፋው ባይሰማ እስረኛው የሚይዘው ነገር የለም። ከዚህም ጋር ኢማሙ እስረኛው በውስጥ እንዴት እንደሚኖር በሰፊው ሲነግሩን፣ ተፈርዶበት የገባ ሰው በምን ሚዛን እንደሚወጣ ግን በዚያው ዝርዝርነት አልነገሩንም።

የመውጫውን ጉዳይ በሐነፊ መዝሀብ በምናስተምረው በሙኽተሰር አል-ቁዱሪ (ጸሐፊው በ428 ዓ.ሂ. ያረፉ) እናገኘዋለን። ለሦስተኛ ጊዜ የሰረቀ ሰው አካሉ አይቆረጥም፤ እስኪቶብት ድረስ ይታሰራል። የዚህ ብያኔ መንፈስ ምሕረት መሆኑን አንክድም፤ የተውበት በር ለሌባውም እንደተከፈተ ይመሰክራል። ሆኖም ብያኔው ያለ ወሰን ከተወሰደ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። መቶበቱን የሚያውቀው ማን ነው? ልብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። በተግባር የሚመሰክረው ጠባቂው ይሆናል። በአንድ ዓይነት ጥፋት የገቡ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ አንደበተ ርቱዕ፣ ማልቀስ የሚያውቅ፣ ውጭ ተከራካሪ ዘመድ ያለው ነው፤ ሌላው ዝምተኛና ጠያቂ የሌለው ነው። የመጀመሪያው በዓመቱ ይወጣል፤ ሁለተኛው በልቡ የበለጠ የተጸጸተ ቢሆን እንኳ እዚያው ያረጃል። ልክ የሌለው እስር በምሕረት ስም ቢጀመርም በግፍ የሚፈጸምበት መንገድ ሰፊ ነው።

የዚህን ጥያቄ መልስ በሻፊዒይ መዝሀብ ከምናስተምረው ከኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. ያረፉ) «ሚንሃጅ» ውስጥ እናገኛለን ብለን እናምናለን። ኪታቡ በዳኝነት ምዕራፍ አዲስ የተሾመ ቃዲ አስቀድሞ የእስረኞችን ጉዳይ እንዲመለከት ያዝዛል፤ በግፍ ታስሬያለሁ ለሚለው ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በባላጋራው ላይ ይወድቃል። በምስክርነት ምዕራፍ ደግሞ አጥፍቶ የቶበተ ሰው ምስክርነቱ የሚመለስበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ከጥፋቱ መራቅ፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ፣ የሰው ሐቅ ካለበትም መመለስ ያስፈልገዋል። ከዚያም የተውበቱ እውነተኛነት የሚገመትበት የመፈተኛ ጊዜ ያልፍበታል፤ ብዙኃኑ ዑለማእ ይህን በአንድ ዓመት ለክተውታል። ሸራሒዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አራቱ ወቅቶች በሰው ጠባይ ላይ የየራሳቸው ጫና ስላላቸው ነው ይላሉ። በአንዱ ወቅት የተወውን በሌላው ይመለስበት እንደሆን ይታያል።

ይህ ምዕራፍ ስለ ምስክርነት እንጂ ከእስር ስለመፈታት አለመሆኑን እናውቃለን። ቂያሳችን የሚያርፈው በዒላው ላይ ነው፦ ልብ ስለተሰወረ የሚፈረደው በሚታይ ሥራና በተለካ ጊዜ ነው። ጊዜው ሲለካ ለዝምተኛውም ለአንደበተ ርቱዑም እኩል ይሆናል።

በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በባለጉዳዮች ፈቃድ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የተወሰነ ነው፤ ወንጀልን የሚዳኙት መደበኛ ፍርድ ቤቶች ናቸው። እነርሱ የሚሠሩበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 በአመክሮ ስለመፈታት ይደነግጋል። የተፈረደበት ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ሲፈጽም፣ ፍርድ ቤቱ በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። ለዚህም በሥራውና በጠባዩ መሻሻልን ማሳየት፣ ያደረሰውን ጉዳትም በተቻለው መጠን መካስ ይጠበቅበታል። «አመክሮ» የሚለው ቃል ራሱ የ«ሙከራ» ቤተ ዘመድ ነው። ፉቀሃእ «ኢኽቲባር» ያሉት ይህንኑ ነው፦ የተለካ ጊዜ፣ የሚታይ ሥራ፣ የተመለሰ የሰው ሐቅ። «በተቻለው መጠን» የሚለው ቃልም ከሱረቱል በቀራ (2፥280) መንፈስ ጋር ይስማማል፤ መክፈል ያቃተው ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲታገሡት አላህ አዟልና። ድሃው ካሳ ባለመክፈሉ ብቻ ሀብታሙ በወጣበት በር እንዳይወጣ ቢደረግ ግን ሕጉም ፊቅሁም ይጣሳሉ።

ሁለቱ ፈጽሞ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። ሕጉ የሚመለከተው የማኅበረሰቡን ደኅንነት ነው፤ ተውበት ግን በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ከዚህ ተነሥተው የማረሚያ ቤት ጉዳይ የመንግሥት እንጂ የመስጂድ አይደለም ይላሉ። ይህን አንቀበልም። ሱረቱል ኢንሳን (76፥8) ምርኮኛን ከድሃና ከየቲም ጋር ባንድነት ጠርቶ የሚያበሉትን ያወድሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21ም ታሳሪዎች የሃይማኖት አማካሪያቸው እንዲጎበኛቸው ዕድል ይሰጣል። በሩ ተከፍቶ ያልገባን እኛ ነን።

ከዚህም የሚብሰው ከእስር በኋላ ያለው ነው። በአንድ ሰፈር መስጂድ ቅጣቱን ፈጽሞ የተመለሰ ሰው አውቀናል። በየሶላቱ ከኋለኛው ሰፍ ይቆም ነበር፤ ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሥራ ሲጠይቅም ሁሉም ወደሌላው ይመራው ነበር። እኛም ያን ጊዜ ሰላምታ ከመስጠት በቀር ያደረግነው የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጠጥ ጠጥቶ የተቀጣውን ሰው የረገመውን ሶሓባ፣ በወንድማችሁ ላይ ሸይጧንን አታግዙ ብለው ከልክለዋል። ቅጣቱ ካበቃ በኋላ የሚቀጥል መገለል ቃዲ ያልፈረደው፣ ልክም የሌለው ተጨማሪ ቅጣት ነው።

ይህ ማለት ጥንቃቄ ይቅር ማለት አይደለም። የመፈተኛው ዓመት የተደነገገው አደራ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይመለስ ነው። ሕፃናትን የጎዳ ሰው ከሕፃናት ማስተማሪያ መራቁ የሕፃናቱ ሐቅ ነው። ግን ሰፍ ውስጥ መግባት፣ በሐዘንና በሠርግ መጠራት፣ የዕለት እንጀራውን መሥራት አደራን አይጠይቅም። የድጋፍ ደብዳቤ የምንጽፍ ኢማሞችም ለዘመድና ለወዳጅ ብቻ መጻፋችንን ትተን፣ ያየነውን ብቻ ልንመሰክር፣ ጠያቂ የሌለውንም ሄደን ልናይ ይገባል፤ ምስክርነት አማና ነውና።

እንግዲህ ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሑዱድን ስናስተምር በዚያው ሳምንት የዳኝነቱን ምዕራፍ የእስረኛ አንቀጽና የምስክርነቱን ምዕራፍ የተውበት አንቀጽ አብረን እናስተምር፤ ደረሳው ኪታቡን እስኪጨርስ አንጠብቅ። ቁዱሪን የምናስተምርም «እስኪቶብት» የሚለውን ቃል ስናብራራ ልኩን ከሚንሃጅ ጋር አነጻጽረን እናሳይ። ቅጣትን ተምሮ መመለስን ያልተማረ ደረሳ ነገ ኢማም ሲሆን፣ ከኋለኛው ሰፍ የቆመውን ሰው እንዴት እንደሚቀበለው አያውቅም። ወላሁ አዕለም።