ልጆቹ እስኪነቁ

በፎቶግራፍ ታሪክ ኦክላንድ ስትነሣ አብራ የምትነሣ አንዲት ስቱዲዮ አለች፤ በብሮክኸርስት መንገድ ቁጥር 683 የነበረችው የዊላርድ ቫን ዳይክ ስቱዲዮ። እ.ኤ.አ. በ1932 ኤድዋርድ ዌስተን፣ አንሰል አዳምስና ባልደረቦቻቸው «ኤፍ 64» ብለው የሰየሙት ቡድን መሰብሰቢያው እዚያ ነበር። ስሙ ሌንስ ላይ ካለ የብርሃን መግቢያ መለኪያ የተወሰደ ነው፤ መግቢያው እንደዚያ ሲጠብብ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፎቶን አደብዝዞ ሥዕል ለማስመሰል የሚደክመውን የዘመኑን ልማድ ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሳን ፍራንሲስኮው ደ ያንግ ሙዚየም ሥራቸውን አሳዩ። ታሪኩ እንዲህ ሲነገር የመግለጫና የክርክር ታሪክ ይሆናል። ከሰባቱ አባላት አንዷ ኢሞጅን ካኒንግሃም ግን ወደ ጥርት ያለው ምስል የደረሰችው በክርክር አልነበረም። በቤት ሥራ በኩል ነው።

ካኒንግሃም በ1883 ፖርትላንድ ተወልዳ ሲያትል ያደገች ናት። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማረች፤ በ1909 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ድሬዝደን ሄደች፤ እዚያም የፕላቲነም የፎቶ ወረቀት በገዛ እጅ ማዘጋጀትን አጠናች። በሲያትል ስቱዲዮዋ የሠራቻቸው የመጀመሪያ ፎቶዎች ጭጋግ የለበሱ፣ ተረት ተረት የሚሸቱ ናቸው፤ ዛሬ ሲያዩዋቸው ትንሽ ያደክማሉ። በ1915 ሠዓሊውን ሮይ ፓርትሪጅን አገባች። ወንድ ልጅ ወለደች፤ በ1917 መንታ ወንዶች ተከተሉ። በ1920 ባሏ ኦክላንድ በሚገኘው ሚልስ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር ቤተሰቡ ወደዚያው ገባ። የሲያትሉ ስቱዲዮ ቀርቷል፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች ቤቱን ሞልተዋል። ያኔ አንድ እጇ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ፣ ሌላው ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደነበረ ራሷ በኋላ ተናግራለች።

ስለዚህ ካሜራዋን ደጃፏ ላይ ወደበቀለው ነገር አዞረች፤ ጊዜውም ልጆቹ የተኙበት ሰዓት ነበር። አበባ አይሮጥም፤ ወተት አይጠይቅም፤ ጠዋት የተተወበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ይገኛል። በ1925 ያነሣችው «የማግኖሊያ አበባ» ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር የሞላ አንድ አበባ ነው። ቅርንጫፍ የለም፣ ሰማይ የለም፣ አትክልት ቦታው የለም። ቅጠሎቹ ታጥቦ እንደተዘረጋ ነጠላ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ መሃላቸው ላይ የአበባው የወንዴና የሴቴ ክፍሎች ተደራርበው እንደ ትንሽ ግንብ ቆመዋል። ነጭ ነው ተብሎ የሚታለፈው አበባ ውስጥ ስንት ዓይነት ነጭ እንዳለ ዓይን የሚቆጥረው ቀስ ብሎ ነው። ጠጋ ሲሉት ደግሞ አበባነቱ ይረሳና የተቀረጸ ድንጋይ ይመስላል።

ይህን ቅርበት የፎቶግራፍ ተቺዎች የዘመናዊነት ምልክት ያደርጉታል። አልተሳሳቱም፤ በ1929 ሽቱትጋርት ላይ በተካሄደው «ፊልም ኡንድ ፎቶ» የተሰኘ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሥራዎቿ ከአውሮፓ አዲስ ሞካሪዎች ጋር ተሰቅለው ባዕድ አልመሰሉም። ቅርበቱ ግን ሌላም ነገር ይለካል። አንዲት እናት የልጆቿን ለቅሶ መስማት እስከምትችልበት ድረስ ብቻ የምትርቀውን ርቀት ይለካል። ኬሚስትሪ የተማረችው ሴት ሙከራዋን ያካሄደችው በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ ነው፤ እባብን በኔጌቲቭ መልኩ አትማ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጋ አሳይታለች፤ ሁለት ምስል አንድ ላይ ደርባለች። ለእንዲህ ያለው ነገር አገር አቋርጦ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬም ይህን ያውቃል፤ እንቅፋቱ ራሱ መንገድ የሆነበት ሰው ነው።

ቢሆንም አንድ ቅሬታ አለ። ልጆቿንም ባሏንም አንሥታለች፤ ስሟን ባስጠሩት የኦክላንድ ሥራዎች ውስጥ ግን የቤቱ ልፋት የለም። ሳህኑ፣ የልብስ እጥበቱ፣ የተደፋው ወተት አይታዩም። ጊዜዋን የቀማት ነገር ሁሉ ከፍሬሙ ውጭ ቆሟል፤ አበባው ንጹሕ ሆኖ የወጣው ሌላው ሁሉ ስለተቆረጠለት ነው። በ1934 ኒውዮርክ ሄዳ እንድትሠራ ስትጠየቅ ባሏ አብሯት መሄድ እስኪችል እንድትጠብቅ ፈለገ። አልጠበቀችም፤ ሄደች፤ በዚያው ዓመት ተፋቱ። ቤቱ ራሱ ወደ ፎቶው እስኪገባ ግን ገና ከሃያ ዓመት በላይ ቀርቶ ነበር።

የገባው በ1957 ነው። ዶሮቲያ ላንጅ በሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቿ በየ24 ሰዓቱ የሚገለገሉበትን ነገር እንዲያነሡ የቤት ሥራ ሰጥታ ነበር ይባላል፤ ካኒንግሃም ይህን ሰማችና የራሷን አልጋ አነሣች። «ያልተነጠፈው አልጋ» ውስጥ ሰው የለም። አንሶላው ተገልጦ ተጨማድዷል፤ ላዩ ላይ ጥቂት የፀጉር ማስያዣዎች ተጥለዋል። ብርሃኑ በእጥፋቶቹ ላይ የሚሄደው ከ32 ዓመት በፊት በማግኖሊያው ቅጠሎች ላይ በሄደበት መንገድ ነው። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ምንም ነገር አለመቆረጡ ነው። ከማግኖሊያው ይልቅ ይህ ፎቶ ይበልጣል ቢባል የሚቆጡ ይኖራሉ፤ ይበልጣል።

ዛሬ ከኦክላንዱ ቴሌግራፍ ጎዳና እስከ ሳን ሆዜ በኢትዮጵያውያን ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ሌላ ዓይነት ነው፤ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ መልስ። ለአገር ቤት የሚላከውም እሱ ነው፤ ካባ የለበሰ ልጅ፣ መኪና የተደገፈ አባት። ድሮ ፎቶ ቤት ከተሳለው መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ የመቆም ወግ ባሕር ተሻግሮም አልላላም። ወጉ ክብር አለው፤ የሚደብቀውም አለው። ከሌሊት ፈረቃ መልስ በር ሥር የወለቀው ጫማ፣ ምጣዱ አጠገብ የተደገፈው የልጅ ደብተር፣ ለሦስት ሰዓት እንቅልፍ የተጋረደው መስኮት በአልበሙ ውስጥ አይገኙም። ይህም ካሜራ ያላቸው ስልኮች በሚነደፉበት ሸለቆ ውስጥ ነው።

ካኒንግሃም የአልጋውን ፎቶ ለአዲስ ሙሽሮች በስጦታ ትሰጥ ነበር ይባላል። ምክንያቷም ባልየው ሚስቱ አልጋ ከማንጠፍ ሌላ ሥራ የሚኖርባት ቀን እንዳለ ከወዲሁ እንዲያውቅ ነበር።