የርቀት ትምህርትና የዕውቅናው ሚዛን

የመርቲ ወረዳ ከተማ በሆነችው በአቦምሳ የሚኖር ሠራተኛ ሥራውን ሳይለቅ ዲግሪ ለማግኘት ቢሻ፥ አሰላ ድረስ እየተመላለሰ ለመማር ስለማይችል፥ በርቀት ወይም በኢንተርኔት መማርን ይመርጣል። ምርጫው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት «ተቋሙ ዕውቅና አለው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «አዎን» የሚለው መልስ ስለሚያገኘው ትምህርት የሚያስረዳው ጥቂት ብቻ ነው።

በሀገራችን ይህን ጉዳይ የሚመራ ኤጀንሲ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፥ በ2014 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተብሏል። ዕውቅና ሲሰጥ በብዙ የሚመረመሩት ሥርዓተ ትምህርቱ፥ የመምህራኑ ቁጥርና ማዕረግ፥ ሕንፃውና ቤተ መጻሕፍቱ ናቸው። ከክፍል ገብቶ ለሚማር ይህ ይበጃል፤ ሞጁሉን ይዞ በቤቱ ለሚያጠና ግን የአዲስ አበባው ሕንፃ ምን ይረባዋል?

እስካሁን የተወሰዱት ሁለት እርምጃዎችም ጉድለቱን አልደረሱበትም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጠቅላላው አገደ፤ ኋላም ክልከላውን አላላው። እገዳው ደጉንና ክፉውን ሳይለይ ስለመታ፥ የተጎዳው ሌላ በር የሌለው ተማሪ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ፥ ዕውቅና አላቸው ከተባሉት የግል ተቋማት ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከ100 ወደ 17 ብቻ ነበሩ። ፈተናው እውነቱን ገለጠ፤ ዳሩ ግን የገለጠው ዓመታቱና ገንዘቡ ካለቁ በኋላ ነው። ወድቆ የሚቀረውም ተማሪው እንጂ ዕውቅና ሰጪው አይደለም።

እንግዲህ ሚዛኑ ወደ ተማሪው ይቅረብ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተማሪውን የጽሑፍ ሥራ መምህር አርሞና አስተያየት ጽፎበት እንዲመልስ ያደርጋል፤ የመምህሩም እርማት ራሱ በሌላ ይመረመራል። የእኛም ባለሥልጣን ዕውቅና ከመስጠቱና ከማደሱ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አንድ መምህር ስንት የርቀት ተማሪ ይዟል? የተማሪው ሥራ በስንት ቀን ታርሞ ይመለሳል? ፈተናውን በእርግጥ የጻፈው ማን ነው? መልሱንም ተማሪው ሳይመዘገብ ሊያነበው እንዲችል በይፋ ያውጣው።

ቁጥጥሩ ክፍያውን ያስወድዳል የሚሉ አይጠፉም፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ማንም ሳያርመው በርካሽ የተገዛ ትምህርት፥ መጨረሻው ያለ ዲግሪ መቅረት ከሆነ፥ ከሁሉ የተወደደው እርሱ ነው።