በኤ ማይነር ስለ ተደረሰ አንድ የብረት ከበሮ ዜማ

የአንድ ዘፈን ጠባይ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የምቱን ፍጥነት፥ ቅኝቱንና የሚያሳድረውን ስሜት በአንድ መስመር ጽፎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይኽ አሠራር ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመመርመር ከካሪቢያን ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከትሪኒዳድ አንድ ዜማ መርጠናል። ይኸውም ሎርድ ኪችነር በሚባል የመድረክ ስም የታወቀው አልድዊን ሮበርትስ የደረሰው፥ በ1987 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) የተሰማው «ፓን ኢን ኤ ማይነር» ነው። ፓን ማለት በአገሬው አነጋገር የብረት ከበሮው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑ ገና በስሙ መሣሪያውንና ቅኝቱን ይናገራል።

ማይነር ከሜጀር የሚለየው ከሁሉ በፊት ሦስተኛው ድምፅ በግማሽ እርከን ዝቅ በማለቱ ነው። ሜጀር የደስታ፥ ማይነር የኀዘን ነው የሚለውን አባባል ትዝታ እየሰማ ያደገ ጆሮ ሳይከራከር ይቀበለዋል። ዳሩ ግን ይኽን ዜማ ሰምቶ የሚተክዝ ሰው አይገኝም።

ምክንያቱን በመጀመሪያ ከመሣሪያው እንፈልግ። ፓን የሚሠራው ከነዳጅ በርሜል ነው። የበርሜሉ ግርጌ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ከዚያም በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ ስፍራ ይበጅለታል፤ አንዱ ስፍራ ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር ከፍ ያለው ኦክታቭ አብሮ እንዲጮኽ ሆኖ ይቃኛል። ስለዚህ ድምፁ ብሩህ ነው፤ ግን ወዲያው ይሞታል። ተጫዋቹ አንድን ድምፅ ማስረዘም ሲፈልግ በሁለቱ ዱላዎች እያፈራረቀ በፍጥነት መምታት አለበት። እንግዲህ ማሲንቆ የሚያለቅስበት ረጅም ድምፅ እዚህ የለም፤ ያለው መንቀጥቀጥ ነው። የማይነር ኀዘን በዚህ መሣሪያ ላይ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ወደ መቁነጥነጥ ይለወጣል።

ሁለተኛውን ምክንያት ታሪክ ይሰጠናል፤ በእኛ አስተያየትም ከፊተኛው ይበልጣል። ከ1881ዱ የካንቡሌ ሁከት በኋላ የእንግሊዝ ገዢዎች ከበሮ መምታትን በሕግ ከለከሉ። ሕዝቡም ቀርከሃ ቈርጦ መሬት እየደበደበ ሰልፉን ቀጠለ፤ በ1930ዎቹ የብስኩት ቆርቆሮ፥ በ1940ዎቹ የነዳጅ በርሜል ተከተለ። የመቺዎቹ ጓዶች በየመንገዱ ይደባደቡ ስለ ነበር ጨዋ ነን የሚሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከዚያ ያርቁ ነበር። ደግሞም የቀድሞዎቹ የካሊፕሶ ዘፋኞች ግጥም በቃል እየፈጠሩ አንዱ ሌላውን ሲሰድብ የሚጠቀሙበት ዜማ ማይነር ነው። በ1922 የተወለደው ኪችነር ይኽን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የዘፈኑን ስሜት «ደስታ» ብሎ መጥራት የሆቴል እንግዳ አስተያየት ነው። በአማርኛ ትክክለኛ ስም እንስጠው ከተባለ ፉከራ ነው።

ስለ ፍጥነቱስ? ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ መስጠት አይቻልም። በካርኒቫል ቀን ሰዎች ከባንዱ ጋር እግራቸውን እየጎተቱ ይራመዳሉ፤ ባሱም ከዚያ እርምጃ ጋር ይሄዳል። ከላይ ግን ዜማውን የሚመቱት ትናንሽ ፓኖች ይሮጣሉ፤ «የሞተር ክፍል» የሚባሉት መቺዎችም የመኪና ፍሬን ብረት እየቀጠቀጡ ምቱን ይሰነጣጥቁታል። የሚራመድና የሚሮጥ በአንድ ዜማ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

በ1987 ሬኔጌድስ የተባለው የፖርት ኦፍ ስፔን ባንድ በጂት ሳማሩ አቀናባሪነት ይኽን ዜማ በፓኖራማ ውድድር ላይ ተጫውቶታል። ፓኖራማ ከ1963 ጀምሮ የሚደረግ የብረት ከበሮ ባንዶች ውድድር ነው። መቶ ያህል ሰዎች አንድ ላይ ሲመቱ ያለው ጥራት ያስደንቃል፤ የሳማሩንም ችሎታ የሚክድ የለም። ሆኖም ውድድር ፍጥነትን ይሸልማል። ድምፆቹ እንደ በረዶ በሚዘንቡባቸው ክፍሎች የዝቅተኛው ሦስተኛ ድምፅ ጨለማነት አይሰማም፤ ፉከራው ቀርቶ የእጅ ቅልጥፍና ብቻ ይታያል። ኪችነር የደረሰው ዜማ ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ይገባው ነበር።

እንዲህ ባሉት ክፍሎች ጆሮን ወደ ባሶቹ መመለስ ይጠቅማል። የባስ ተጫዋች ስድስት ወይም ዘጠኝ ሙሉ በርሜሎች ከብበውት ይቆማል፤ በአንዱ በርሜል ላይ የሚገኙት ድምፆች ሦስት ወይም አራት ብቻ ስለሆኑ ዜማውን ለመከተል በመላ አካላቱ መዞር አለበት። ያ ሰው የፈለገውን ያህል ቢቸኩል ከወገቡ መዞር አይፈጥንም።