መልስ የማይሰጥበት ስብሰባ

መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር የሆነው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ነው። ጥንቃቄው የሚታየውም ገና ከበሩ ውጭ፣ ቦታው ሲፈለግ ጀምሮ ነው። በአሜሪካ ከተሞች የሚወጣው የስብሰባ ዝርዝር ቀኑን፣ ሰዓቱንና አድራሻውን ይሰጣል፤ ስብሰባው ክፍት ወይም ዝግ መሆኑንም ይናገራል። ዝጉ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው፤ ክፍቱ ዘመድንም ታዛቢንም ያስገባል። ምዝገባ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ክፍያ የለም። ስብሰባውን የሠሩት ሰዎች ጠጪ የነበሩ ናቸውና «በቃኝ፣ ላቁም» የሚባልበት ቅጽበት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያውቁታል። የሚሞላ ፎርም ቢኖር ቅጽበቱ እዚያው ፎርሙ ላይ ያልቅ ነበር።

በክፍት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን አልጽፍም፤ እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል። የአሠራሩን ነገር ግን ማውራት ይቻላል።

ቦታው ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ታጣፊ ወንበር፣ ቡና፣ የወረቀት ኩባያ። ሰብሳቢው አጭር ጽሑፍ ያነባል። ከዚያ አንዱ የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይናገርና የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን ይጨምራል። ክፍሉ በሙሉ ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል። ጥቂት ደቂቃ ያወራል፣ ይጨርሳል፣ ይመሰገናል፣ ተራው ወደሌላው ያልፋል። «እንዲህ ብታደርግ ይሻልሃል» የሚል የለም። የሚጠይቅ፣ የሚያርም፣ ቃሉን ነጥቆ የሚያጽናና እንኳ የለም።

ከሁሉም የማደንቀው ይህንን ነው። የሚጠጣ ሰው ምክር ጠግቧል። ከሚስቱ፣ ከእናቱ፣ ከአለቃው፣ ከንስሐ አባቱ ሰምቷል፤ ለእያንዳንዳቸውም መልስ አዘጋጅቷል። እዚህ ግን የሚከራከረው ሰው ያጣል። ለምሳሌ አጠገቡ ያለች ሴት ከልብስ ቁምሳጥን ኋላ ስለምትደብቀው ጠርሙስ ስትናገር እሱ የራሱን መደበቂያ ያስታውሳል። ማስተባበልም አይችልም፤ ስለ እሱ የተናገረ የለማ!

ይህ ብልሃት በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ መጠጥ ካቆመ በኋላ ሌሎች ጠጪዎችን ለወራት ሲሰብክ ከረመ፤ አንዱም አልቆመለትም። በአውሮፓውያኑ ሜይ 1935 ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው አክሮን ለሥራ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቀርቶ የቡና ቤቱ ድምፅ ሲስበው ወደ ስልኩ ሄደ፤ ለቀሳውስት እየደወለ ከሌላ ጠጪ ጋር የሚያገናኘው ሰው ፈለገ። በማግሥቱ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ጠጪ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ቢል ያን ቀን ስብከቱን ትቶ የገዛ ታሪኩን ነገረው፤ ያወራውም እሱ ራሱ እንዳይጠጣ ነበር። ሐኪሙም መጠጥ ተወ፤ አንድ ጊዜ ግን አገረሸበት። ጁን 10 ጠዋት፣ ቀዶ ጥገና ሊሠራ ሲል እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ቢል አንድ ቢራ ሰጠው። ያቺ የመጨረሻው ሆነች፤ ማኅበሩም ልደቱን ከዚያ ቀን ይቆጥራል።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ በብርቱ የታሰበበት ነው። ቅርጫት ይዞራል፤ የቻለ ይጥላል፣ ያልቻለ ያሳልፋል። ከውጭ ልገሳ አይቀበሉም። በ1938 ድጋፍ የተጠየቀው ባለጸጋ፣ ትንሹ ጆን ሮክፌለር፣ ገንዘብ ሲበዛ ነገሩ እንዳይበላሽ ሰግቶ 5 ሺህ ዶላር ብቻ ሰጠ። መሥራቾቹ በጊዜው ቢያዝኑም ሐሳቡ የእነሱም ሆነ፤ ራስን መቻል በ1950 ክሊቭላንድ ላይ ከጸደቁት 12 የማኅበሩ ልማዶች አንዱ ነው።

እድር የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያየዋል። እድር አባሉን በስም ጥሪና በመቀጫ ይይዛል፤ እዚህ የቀረን የሚቀጣ የለም፣ ሰብሳቢነቱም በተራ ነው። በውጭ አገር ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት የሐበሻ ሰፈር ለሚኖር፣ «ምን ይሉኛል» ላሰረው ወገናችን ደግሞ የአባት ስም የማይጠየቅበት ክፍል ትልቅ እፎይታ ነው።

ስብሰባው ሕክምና አይደለም። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስነሳበት ስለሚችል ሐኪም ያስፈልገዋል። በስብሰባው ስለ አምላክ የሚነገረው የሚከብዳቸውም አሉ፤ ቅሬታቸው እውነት አለው። ግን በ2020 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰውን ወደዚህ ማኅበር የሚመራ የተደራጀ ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚሻል አሳይቷል።

ብዙ ቦታ በስብሰባው መጨረሻ ትንንሽ ሜዳሊያ ይታደላል። የመጀመሪያው ለ24 ሰዓት ያህል ሳልጠጣ ልዋል ለሚል ሁሉ ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የወደቀም ሰው ተነሥቶ ይህንኑ ይወስዳል፤ ለምን እንደወደቀ የሚጠይቀው የለም። ለእሱ የሚጨበጨበው ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ሳይጠጣ ለቆየው ከሚጨበጨበው ይበልጣል።