በአባቱ ደጅ የወደቀው ሙሽራ

ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበው የገብረ ክርስቶስ መርዓዊ ታሪክ ለብዙ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ይወጣል። በሩቅ አገር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየለመነ ይኖራል። ኋላም ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ ይወድቃል፤ የሚለየው ግን የለም። ማንነቱ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ፣ ሕይወቱን ከጻፈበት ክርታስ ነው።

ታሪኩ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ «ሀብት ከንቱ ነው» በሚል ምክር ይጠቃለላል። ምክሩ እውነት ነው፤ ታሪኩን ግን አይሸከመውም። ሀብትን መንቀፍ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ አባትየውን ስስታም አድርጎ መሣል ይበቃ ነበር። ምዕራባውያን «አሌክሲስ» ብለው በሚጠሩት በዚሁ ሰው የላቲን ገድል ውስጥ ግን አባት ቸር ነው፤ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶችና ለእንግዶች በየቀኑ ሦስት ማዕድ ያስዘረጋል። ከዚህ ማዕድ ፍርፋሪ የሚደርሰው ለማኝ የራሱ ልጅ ነው፤ አገልጋዮቹም የዕቃ እጣቢ ይደፉበታል። እንግዲህ ፈተናው የሚከብደው በደጉ ሰው ላይ ነው። ምጽዋት ሰጥቷል፤ የሚሰጠውን ሰው ፊት ግን አላየም።

የታሪኩ ጥንታዊ መልክ የሶርያ ነው። በዚያ ሰውየው ስም እንኳ የለውም፤ «የእግዚአብሔር ሰው» ብቻ ይባላል። ወደ ቤቱም አይመለስም። በኤጲስ ቆጶስ ራቡላ ዘመን በኤዴሳ እየለመነ ኖሮ በድኆች ማረፊያ ይሞታል፤ ከእንግዶች ጋርም ይቀበራል። ማንነቱ ተሰምቶ መቃብሩ ሲከፈት አስከሬኑ የለም፤ የተገኘው የለበሰው ቡትቶ ብቻ ነው። በዓለም የነበረው ንብረት ያ ጨርቅ ነበር፤ እሱንም ትቶት ሄደ። ከዚህ ይልቅ አጭርና ጥልቅ የእምነት ሥዕል ማግኘት ይከብዳል።

ወደ አባት ቤት መመለሱ ኋላ የተጨመረ ነው። ጭማሪው ግን ታሪኩን አላበላሸውም፤ አከበደው እንጂ። በሩቅ አገር ድኻ መሆን አንድ ነገር ነው። «ልጅህ ነኝ» በሚል አንድ ቃል ሁሉን መልሶ ማግኘት በሚቻልበት ደጅ ላይ በላቲኑ ቆጠራ 17 ዓመት ዝም ማለት ግን ሌላ ነው። ገብረ ክርስቶስ የተወው ወርቁን ብቻ አይደለም፤ መታወቅንም ነው። ከአገር ርቆ ለሚኖር አንባቢ ይህ ቦታ ሳይነካው አያልፍም። ባዶ እጅ መግባትን ፈርቶ የአገር ቤት ጉዞውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚገፋ ጥቂት አይደለም፤ ሻንጣው ከሰውየው ቀድሞ ይታያልና።

ይሁንና ታሪኩ ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። ሙሽራይቱና እናቱ በዝምታው የከፈሉትን ማን ይቆጥርላቸዋል? እነሱ መመነንን አልመረጡም። ልጃቸውን ሲያለቅሱለት ኖረው በደጃቸው ሬሳውን አገኙ። ጥሩ ተራኪዎች ይህን አልሸፋፈኑም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይኛ ግጥም፣ ከቋንቋው ቀደምት የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች በአንዱ፣ አባት፣ እናትና ሙሽራ በየተራ ያለቅሳሉ። የእናቲቱ እንባ ቅድስናውን አያፈርስም፤ ዋጋውን ያሳያል እንጂ። ልቅሶውን ዘልሎ ወደ ምክሩ የሚሮጥ ሰባኪ የታሪኩን ግማሽ ጥሎ ይሄዳል።

የታሪኩ ኃይል በተግባርም ታይቷል። በ1170ዎቹ የሊዮን ነጋዴ ቫልዶ ይህን ገድል ከአንድ አዝማሪ አፍ ሰምቶ ሀብቱን ለድኆች እንዳከፋፈለ የዘመኑ ዜና መዋዕል ይተርካል። ያን ነጋዴ የነቀነቀው የምክር ዝርዝር አልነበረም። አንድ ሰው የራሱ በሆነ ቤት ደጅ ላይ ለማኝ ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ምንም እንዳልጎደለበት ማየቱ ነው። መደነቅ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ንብረትን መናቅ ከተከተለም ከዚህ ወዲያ የሚመጣ ነው።