ሽማግሌና አሮጊት፤ ስለ አማርኛ ቃልና ስለ ባሌ እናቶች ሲንቄ

የአንድ ሕዝብ ፍርድ በሕግ መጽሐፍ ብቻ ተጽፎ አይገኝም፤ በየቀኑ በሚነገረው ቃል ውስጥም ተሸሽጎ ይኖራል። በአማርኛ ወንድ ሲያረጅ ሽማግሌ ይባላል፤ ከዚሁም ጋራ ሸመገለ፣ ሽምግልና የሚሉት ቃላት ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ሹመትንም ይናገራሉ። ሽማግሌ ላከ ማለት ጋብቻ ጠየቀ ማለት ነው፤ ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ ማለት ጠቡ ወደ ዕርቅ ቀረበ ማለት ነው። ጠጕሩ ያልሸበተ ጐልማሳ እንኳ ለማስታረቅ የተቀመጠ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይባላል፤ ስሙ ከዕድሜ ተለይቶ የሥራ ስም ሆኗልና። ሴት ግን ስታረጅ አሮጊት ትባላለች። ይህ ቃል አሮጌ ከሚለው ጋራ ዘሩ አንድ ነው፤ አሮጌ ጨርቅ፣ አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ቁና እንደሚባለው ያለ ነው። ከእርሱም የተወለደ የሹመት ስም የለም። አሮጊት ላከ የሚል አነጋገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ አሮጊት የተላከች እንደ ሆነም ብዙ ጊዜ ለመልካም ነገር እንዳልተላከች ይጠረጠራል።

ባልቴት፣ እሜቴ፣ እማሆይ የሚሉ የክብር ስሞች አሉ ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እማሆይ የምትባለው ዓለምን ትታ ቆብ ስለ ደፋች ነው እንጂ ስላረጀች አይደለም። እሜቴ የትሕትና መጥሪያ ነው። ባልቴት የሚለውም ቢሆን ተረት ከሚለው ቃል ጋራ የተገናኘ ጊዜ ክብሩ ወዲያው ይወርዳል፤ የባልቴት ተረት የተባለ ነገር ማንም ሊሰማው አይሻምና። የልብ ወለድ ደራሲዎችም ይህን ልማድ ተከትለዋል። በመጽሐፋቸው አሮጊት የገባች እንደ ሆነ ወይ ደላላ ናት፣ ወይ ሞግዚት፣ ወይ አልቃሽ፤ የታዘዘችውን ፈጽማ ከአንድ ገጽ በኋላ ትወጣለች። ስልሳ ዓመት ካለፋት ወዲህ ምን እንደምትመኝ፣ ምን አዲስ ነገር እንደ ጀመረች የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ከልብ ወለዱ ይልቅ ቸሮች ናቸው። ወንጌላዊው ሉቃስ ነቢይት ሐናን ሲያነሣ ሰማንያ አራት የሚለውን የዘመን ቍጥር ሳይተው ነው፤ የጢሞቴዎስም መልእክት በመበለቶች መዝገብ ለሚገቡት ስልሳ ዓመትን ወሰን አድርጎ ሲያስቀምጥ ዕድሜን እንደ ማዕርግ እንጂ እንደ ጕድለት አልቈጠረም። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ገድለ ክርስቶስ ሠምራ ነው። ከቡልጋ የተነሣችው ይህች ቅድስት ባል ያገባች የብዙ ልጆች እናት ነበረች፤ ቤቷን ትታ ከመነኰሰች በኋላም የለመነችው ልመና ለራሷ ዕረፍት አልነበረም፤ የአዳም ልጆች ከጥፋት ይድኑ ዘንድ ሰይጣንን ከፈጣሪው ጋራ ለማስታረቅ ነበር እንጂ። ሲኦል ድረስ ወርዳ ጠራችው፤ እርሱም ይዞ ሊያስቀራት ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዞ አወጣት፤ ስትመለስም ብዙ ነፍሳት ይዛ ወጣች። ከዚህ የበለጠ ሽምግልና በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። እንዲህም ሆኖ አማርኛ ተናጋሪ ገድሏን በስሟ ቀን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሽማግሌ የሚለውን ቃል ያው ለወንድ ብቻ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ አንባቢ ወደ ባሌ ደጋ ፊቱን ቢያዞር ይጠቀማል። ጎባ ከባሕር ወለል ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ያለች የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ ከእርሷ ጥቂት ወረድ ብላ ስንዴ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ ያለችው ሮቤ ደግሞ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ የሚወርደው ብርድ የአሮጊትን ጕልበት አይምርም። በዚህ አገር ዛሬ ወደ ሰማንያ የተጠጋች ሴት ልጅ ሳለች ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየውን የባሌን ዐመፅ አይታለች፤ በወጣትነቷ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ደርሶባታል፤ ቀጥሎም የሶማልያ ጦርነት መጣ፤ ከዚያም ሰዎች ከየጎጇቸው ተነሥተው በአንድ መንደር ይስፈሩ የተባለው ትእዛዝ ከባሌ ጀመረ። ከገበሬ ቤት የወጣች ናትና ደመወዝ አታውቅም፤ ስለዚህም ስልሳ ዓመት ሲሞላ የሚሰጠው ጡረታ ለእርሷ የሌላ ሰው ወሬ ነው። በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞች የታወጀው ጡረታም በእርሻና በወተት ያረጁትን እናቶች አልነካም። ታዲያ በምን ታረጃለች? መልካም እርጅና የምትለውስ ምንን ነው?

የአርሲና የባሌ ኦሮሞ እናቶች መልሳቸውን በእጃቸው ይዘውታል። ሲንቄ የሚባለው ቀጭን በትር ሀሮሬሳ ከተባለው እንጨት ይቈረጣል፤ ሙሽራዪቱ ከቤት በምትወጣበት ቀን እናቷ ትሰጣታለች። የሚያስፈራ መሣሪያ አይደለም፤ ከብት እንኳ አይነዱበትም። ሁለት ወገኖች ጦር ይዘው የተፋጠጡ እንደ ሆነ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ርጥብ ሣር ጨብጠው በመካከል ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ መቆም አለባቸው። የወለደች ሴት በአራስነቷ ተደብድባ ወይም ተሰድባ እንደ ሆነ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲንቄ ይዘው ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ አጥፊው ይቅርታ ጠይቆ ካሣ እስኪከፍልና ከብት እስኪታረድ ድረስ አይመለሱም። ላሞቹን ማን ያልባል፣ ለልጁ ማን ያበስላል የሚለው ጥያቄ የወንዶቹን ልብ ፈጥኖ ያለሰልሰዋል። የዚህ ሁሉ መሪዎች በዕድሜ የገፉት ናቸው፤ ሃደ ሲንቄ፣ ማለት የሲንቄ እናት ይባላሉ። ዝናብ ሲጠፋም በዜማ የሚለምኑት፣ ለወጣቶቹም ስንኙን የሚቀበሏቸው እነዚሁ ናቸው።

ኖርዌያዊቷ የሰው ባህል አጥኚ ማሪት ቶሎ ኦስተቦ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ሁሉ ወዩ ከሚባለው አሳብ ጋራ አገናኝተውታል። ወዩ ክቡር፣ የማይደፈር ማለት ነው፤ ሲንቄው ወዩ ነው፣ እናትም ወዩ ናት፣ አማትም በአማቿ ዘንድ ወዩ ናት። ይህ ትርጓሜ በጣም የሚጠቅም ነው፤ የአማርኛው አሮጊት የጐደለው ይኸው ነውና። ይሁን እንጂ አፋን ኦሮሞም በዚህ ረገድ ፈጽሞ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ጃርሳ ማለት ሽማግሌ ነው፤ ጃርሱማ የሚባለውም ሽምግልና ከእርሱ የወጣ ነው። ጃርቲ ከምትባለው አሮጊት ግን እንዲህ ያለ ቃል አልተወለደም። ልዩነቱ ቃሉ የነፈጋትን በትሩ የሰጣት መሆኑ ነው።

ስለ ሲንቄ የሚጽፉ ሰዎች፣ በተለይ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ፣ በትሩን አብዝተው ያመሰግናሉ፤ የያዘችውን እጅ ግን ይረሳሉ። ወንዶቹ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። የሴቶቹ ሽምግልና ግን በመቆምና በመሄድ የሚፈጸም ነው፤ መቀመጫ የለውም። ስለዚህ ለባሌ እናት ደኅና ማርጀት ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ከቤት ወጥቶ ከጓደኞች ጋራ እስከ ሜዳው ድረስ መራመድ መቻል ነው። ጕልበቷ የደከመ ጊዜ ምርቃቷ ይቀራል፤ ሙሽራ ሲወጣ፣ ጩኮ በቅቤ ታሽቶ ሲቀርብ፣ ልጅ መንገድ ሲጀምር መራቂዋ እርሷ ናት። ከብርድ ልብስና ከመድኃኒት ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእነርሱ በፊት፣ የአሮጊትን ዕድሜ የሚያረዝመው ተፈልጎ መጠራት ነው። ለክርስቲያኖቹ የጎባና የሮቤ ባልቴቶችም ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና እድሩ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ቀኑ ሲደርስ አንዲቱ ከቀረች ለምን ቀረች ብሎ የሚጠይቅ አለና።

ምስጋናው ግን ከልክ ማለፍ የለበትም። ሲንቄ የሚሰጠው በጋብቻ ነው፤ ያላገባችው ሴት ስታረጅ በምን ትቆማለች የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ደግሞም በትሩ ክብርን ያስጠብቃል እንጂ በጉባኤው መካከል ወንበር አይሰጥም። ከ1960ዎቹ ወዲህ በባሌ ሙስሊሞች መካከል የተነሣው የሃይማኖት ማጥራት እንቅስቃሴ የቀድሞውን ሥርዓት ብዙውን ነቅፏል፤ አቴቴ የሚባለውን የሴቶች ልመና ካህናቱም በበኩላቸው ባዕድ አምልኮ ነው ሲሉ ኖረዋል። የሃይማኖቱ ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሥርዓቱ ሲቀር ግን የአሮጊቲቱ መቆሚያ አብሮ መቅረቱን ነቃፊዎቹ አላሰቡበትም። ለጸሎቱ ሌላ ጸሎት ተሰጥቷታል፤ ጠበኞችን ለመለየት ለምትወጣበት ጎዳና ግን የተሰጣት ምትክ የለም። ልጆቿ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄደው የልጅ ልጅ አሳዳጊ ሆና በሮቤ የኪራይ ቤት የምትኖረው ሴት ሲንቄዋን የት እንደምታስቀምጥ እንኳ ትቸገራለች።

ይኸው ጕድለት በሌላ መልክ በጋዜጦቹ የኀዘን ገጽ ላይ ይታያል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ፤ የፒያኖ ድርሰታቸው በዓለም ላይ የተሰማው ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ ቍጥር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ከወጣ በኋላ፣ ማለት ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ወዲህ ነበር። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ጉዟቸው ሁለት የተራቡ ልጆች ይዘው ተመልሰው የጀመሩትን ሥራ በ2013 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ አልተዉትም። ስለ ሁለቱም ብዙ ተጻፈ፤ ግን አብዛኛው ጸሓፊ እርጅናቸውን እንደ ተአምር ቈጠረው። ወንድ በሰማንያ ዓመቱ መጽሐፍ ቢጽፍ ልምዱን አካፈለ ይባላል፤ ሴት እንዲሁ ብታደርግ በዚህ ዕድሜዋ እንኳ ይባላል። ይህች እንኳ የምትለው ቃል ብትወጣ የኀዘን ጽሑፉ ይቃናል።

የባሌን እናቶች ዜማ በድምፅ መቅረጫ እየያዙ የሚያሰባስቡት ወጣቶች ያለ ጥርጥር መልካም ሥራ ይሠራሉ። ዳሩ ግን ስብስቦቹ ብዙ ጊዜ ስንኙን ጽፈው የመረቀችዋን ዕድሜ ይተዋሉ፤ ስንኙ ማን እንደ ፈጠረው የማይታወቅ የሕዝብ ሀብት ተብሎ ይቀራል። አንዲት የሰባ አምስት ዓመት ሴት ምርቃት ስትመርቅ ከእናቷ የተቀበለችውን ብቻ አትደግምም፤ ሙሽራዪቱ የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ ባለፈው ክረምት ምን እንደ ደረሰ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ጋራ እንደ ተኳረፈ ታውቃለችና ቃሉን እንደ ሁኔታው ትለውጠዋለች፤ ያችው ሙሽራ በሌላ መንደር ብትዳር ስንኙ ሌላ ይሆን ነበር። ይህን ለመለየት የተቀባዩ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ይበቃል፤ የመራቂዋ ዕድሜ፣ የተመረቀው ሰው፣ ሴቲቱም ቆማ ወይም ተቀምጣ መሆኗ።